የእትዬ ሐዋ ብርሃን

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ ደስ ይልሻል እንዴ?» አለችኝ ሴትየዋ ፊት ለፊቴ ቆማ።

ስድስት ኪሎ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ መጋረጃ ልለካ ሄጄ ነው። ሥራዬ ይሄ ነው፤ ሜትር ይዤ ሰው ቤት እገባለሁ፣ መስኮት እለካለሁ፣ ጨርቅ አስመርጣለሁ፣ ተሰፍቶ ሲያልቅ ወስጄ እሰቅላለሁ። የሴትየዋ ሳሎን ፀሐይ መውጫውን የሚያይ ሰፊ መስኮት አለው። እኔ እንደ ልማዴ ወፍራሙን፣ ብርሃን የማያሳልፈውን ጨርቅ ዘርግቼ «ይሄ ነው የሚያዋጣሽ፣ አለበለዚያ ፀሐዩ ሶፋሽን ያነጣዋል» እላታለሁ። እሷ ደግሞ ልጇ እዚያ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ እንደምታጠና፣ ስስ ነጭ ጨርቅ ብቻ እንደምትፈልግ ሁለቴ ነግራኛለች። ሦስተኛ ጊዜ ወፍራሙን ሳነሣ ነው ያንን የተናገረችው። እየሳቀች ነው ያለችው፣ ክፋት የለባትም። እኔ ደግሞ መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም፤ አራዳ ነው ያደግኩት፣ አንድ ሲሉኝ ሁለት እመልሳለሁ። የዚያን ቀን ግን ስሱን ጨርቅ ጽፌ፣ ያቀረበችልኝን ሻይ ሳልጠጣ ላሽ አልኩ።

ሴትየዋ በምን ታውቃለች። እኔ አንድ ጊዜ አንድ ሰው ጨለማ ውስጥ አስቀምጬ አውቃለሁ። ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር።

ያደግኩበት ቤት ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ላይ ሲወጣ፣ በረንዳው ወደ መንገዱ የወጣ አሮጌ የእንጨት ፎቅ ነበር። ድሮ አንድ ሀብታም ነጋዴ ከነቤተሰቡ ብቻውን ይኖርበት ነበር ይባላል። እኔ ስወለድ ግን ክፍል በክፍል ተሸንሽኖ ስምንት ቤተሰብ ገብቶበታል። ለእናቴና ለእኔ የደረሰን የሳሎኑ ግማሽ ነው። አንዱን ትልቅ ሳሎን መሃል ለመሃል በኮምፔንሳቶ ከፍለው፣ መስኮት ያለበትን የፊቱን ለእኛ፣ መስኮት የሌለውን የኋላውን ደግሞ ለእትዬ ሐዋ ሰጥተዋል። የእሳቸው በር በኋላ በኩል፣ በጨለማው ኮሪደር ነበር። በዚያ ዘመን ፒያሳ ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ቤት ያውቀዋል። ጎረቤት ሲያስነጥስ ከአልጋችሁ ሳትነሡ «ይማርህ» የምትሉበት ቤት ነው።

ኮምፔንሳቶው ጣራ ድረስ አይደርስም። ከኮርኒሱ በታች አንድ ክንድ ያህል ክፍት ተትቷል። የከፈለው አናጢ እንጨት አጥሮት አልነበረም፤ ሆን ብሎ ነው። የኛ መስኮት ምሥራቅን ነው የሚያየው። ጠዋት የእንጨት መዝጊያው ሲከፈት ፀሐዩ ወለላችን ላይ ይወድቃል፣ ከወለሉ ተነሥቶ ኮርኒሱን ያበራዋል፣ ኮርኒሱ ደግሞ በኮምፔንሳቶው አናት ላይ አሳልፎ ወደ እትዬ ሐዋ ይልከዋል። ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዴ ነው፣ በኖራ የተቀባ። ዛሬ በሥራዬ አንዳንድ አርክቴክቶች «ኮርኒሱ ነጭ ይሁን፣ ብርሃኑን ወደ ውስጥ ይገፋዋል» እያሉ ለባለ ቤቶች ሲያስረዱ ስሰማ በሆዴ እስቃለሁ። እናቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች፣ እትዬ ሐዋ ቁርኣን ቤት ብቻ የተማሩ፣ ሁለቱም ይሄንን ያውቁት ነበር።

ስለዚህ ቤታችን ሕግ ነበረው። እናቴ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ መዝጊያውን ትከፍታለች። ከቸኮለች «የሐዋን ብርሃን ክፈቺላት» ትለኛለች፤ «መስኮቱን ክፈቺ» ብላ አታውቅም። መስኮቱ ፊት ቡፌ አይቆምም። ወፍራም መጋረጃ አይሰቀልም። እኔም መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ መንገደኛ ስቆጥር፣ ከወዲያ ማዶ «ሰሊ፣ እስቲ ራስሽን አንሺልኝ፣ ቤቴ መሸ» የሚል ድምፅ ይመጣል። የኔ ጭንቅላት ብቻውን እዚያ ማዶ ያስመሽ ነበር። ይሄ ነገር ሲያስቀኝ አልቆምም፤ ራሴን ወደ መስኮቱ አስገባለሁ፣ አወጣለሁ፣ እትዬ ሐዋ ከውስጥ «መሸ... ነጋ... መሸ... ኧረ ዛሬስ ቀኑ አጠረ!» እያሉ አብረውኝ ይጫወታሉ።

አምፑል የላቸውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበራቸው። ግን የግቢው ቆጣሪ አንድ ነው፣ እሱም ታች ቤት ነው ያለው። ባለ ቆጣሪዋ ሴትዮ በቀን አምፑል በርቶ ካየች ከታች ሆና ታጠፋዋለች፤ ለማንም አታዳላም። ቢበራም ደግሞ ለእትዬ ሐዋ ሥራ አይሆንም ነበር። እትዬ ሐዋ ኮፍያ ነበር የሚጠልፉት፤ ወንዶች ሲሰግዱ የሚያደርጉትን ነጭ ኮፍያ፣ በነጭ ክር። ነጭ በነጭ። በቢጫ አምፑል ሥር ክሩና ጨርቁ አንድ ይሆናሉ፣ መርፌው የት እንደገባ አይታይም። የሚለያቸው የቀን ብርሃን ብቻ ነው። እትዬ ሐዋ ይሄንን ሥራ ከወሎ ይዘውት ነው የመጡት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የሚተዳደሩት በእሱ ነበር። ጠዋት የሚቀመጡበትን ዱካ ኮምፔንሳቶው ሥር ያስጠጋሉ፣ ረፈድ ሲል ብርሃኑን ተከትለው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። የቁም ሳጥናቸውን የተነቀለ መስታወት ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ በእግራቸው ጣት ገፋ መለስ እያደረጉ ብርሃኑን ጭናቸው ላይ ያመጡታል። እጃቸው ሥራ ላይ ስለሆነ በእግራቸው ነው። ስድስት ሰዓት ካለፈ መርፌው ይሰካል፤ የዕለቱ ሥራ አበቃ።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሁለቱ ሴቶች ኮርኒሱን አብረው ይቀቡታል። ኖራው ባልዲ ውስጥ ሲበጠበጥ የሚሸተው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ዝናብ የነካው ድንጋይ ይመስላል፣ ትንሽ ያስነጥሳል። እንዳይራገፍ እናቴ ጨው ትነሰንስበታለች። ከዚያ እሷ በዚህ በኩል ጠረጴዛ ላይ፣ እትዬ ሐዋ በዚያ በኩል ሳጥን ላይ ይወጡና በክፍተቱ ፊት ለፊት እየተያዩ ይለቀልቃሉ።

«እኔ ጨርሻለሁ» ትላለች እናቴ።

«የት ጨረስሽ፣ ያቺ ጥጓ ጥቁር ናት።»

«አንቺ ደግሞ። ለኔ ነጭ ናት።»

«አንቺማ ሥሯ ሆነሽ በምን ታዪያታለሽ። ብርሃኑን የምበላው እኔ ነኝ፣ ልክ ነው አይደለም የምለው እኔ ነኝ።»

እኔ ወለሉ ላይ ሆኜ ኖራው ፀጉሬ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሁለቱም ከላይ እያዩኝ ይስቃሉ። እንደዚያን ቀን ደስ የሚለኝ ቀን አልነበረም ብል አላጋነንኩም።

እንግዲህ ወደማፍርበት ልግባ። እስከዚያ ዓመት ድረስ ፍራሽ ላይ እሸና ነበር። ይሄንን መጻፍ ራሱ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ ቢሆንም ከሚቀጥለው ይሄኛው ይሻላል። ጠዋት እናቴ «ዛሬም?» ትላለች። ዝግ ብላ ነው የምትለው። ግን ክንድ የሚያህል ክፍተት ባለበት ቤት ዝግ ተብሎ የሚነገር ነገር የለም። እትዬ ሐዋ እንደሚሰሙ አውቅ ነበር። አንድም ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እንዲያውም እናቴ መቆጣት ስትጀምር ከወዲያ የባትሪ ሬዲዮናቸውን ከፍ ያደርጉታል። ያ ለኔ ብለው ያደረጉት መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

አራተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት «ክረምት» የሚል ስም ወጣልኝ። ሲያዩኝ ሹራባቸውን ራሳቸው ላይ ይሸፍኑና «ኧረ ክረምት ገባ፣ ጃንጥላ ያላችሁ አውጡ» ይላሉ። ክፍሉ ሁሉ ይንጫጫል። የፒያሳ ልጅ ስም ካወጣ አወጣ ነው፣ አይፋቅም። ማን ነገራቸው? አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩና አገኘሁት። ፈቲያ የምትባል የእትዬ ሐዋ የወንድም ልጅ እኔ ክፍል ነበረች። ሐሙስ ሐሙስ አክስቷ ጋ መርፌ ልትማር ትመጣለች። በቃ። እትዬ ሐዋ ለፈቲያ፣ ፈቲያ ለክፍሉ። አላጣራሁም፤ አልጠየቅኩም። ፈቲያ ከሚስቁት መሃል እንኳ አልነበረችም። እኔ ግን ወስኜ ጨርሻለሁ።

ትምህርት ተዘጋ። እናቴ አንድ ኬክ ቤት ጓዳ ውስጥ ነበር የምትሠራው፤ ሳይነጋ ትወጣለች፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች፣ እሑድ ብቻ ታርፋለች። ስለዚህ በክረምት መስኮቱን የመክፈት ኃላፊነቱ የኔ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ብርሃኑ ራሱ ትንሽ ነው፤ ደመናው ከተነሣልን ለሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። የዚያ ሰሞን እትዬ ሐዋ ትልቅ ሥራ ይዘው ነበር። አንድ ቁርኣን ቤት ውስጥ ቁርኣን ቀርተው ያኸተሙ ልጆች ሰው ፊት ወጥተው የሚመረቁበት ቀን ደርሶ፣ የሁሉንም ኮፍያ እሳቸው እንዲጠልፉ ተሰጥቷቸዋል። በሕይወታቸው እንደዚያ ያለ ሥራ አልመጣላቸውም። ለእናቴ «ይሄ ካማረልኝ ሌላውም ቁርኣን ቤት ይመጣልኛል» ሲሏት ሰምቻለሁ። የቀራቸው አንድ ሳምንት ነበር።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ወጣች። እኔ ነቃሁ፣ ግን አልተነሣሁም። በመዝጊያው ስንጥቅ በኩል ቀጭን ብርሃን ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ከወዲያ ዱካ ሲጎተት ተሰማኝ፣ ቆመ።

«ሰሊዬ፣ ተኝተሻል?»

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብኩት።

«የኔ ልጅ፣ ብርሃኔን እስቲ።»

«እማዬ አትክፈቺ ብላለች» አልኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አስቤው አልነበረም። ግን ሲወጣ ጣፈጠኝ፤ መዋሸት አልፈልግም፣ ጣፍጦኛል።

«ምነው፣ ለምን አለች?»

«እኔ እንጃ። መስኮቱ የኛ ነው ብላለች።»

ከዚያ «እሺ የኔ ልጅ» አሉ። ዱካው ተመልሶ ተጎተተ።

ያን ቀን ማታ እናቴ ስትገባ አሁን እትዬ ሐዋ ይጠይቋታል፣ አሁን ጉዴ ይወጣል እያልኩ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ። አልጠየቋትም። በኮምፔንሳቶው አናት «እንዴት ዋልሽ» ተባባሉ፣ አለቀ። ማክሰኞም አልጠየቁም። የሚያስፈልገው አንድ ቃል ነበር፤ «ለምን ዘጋሽብኝ?» ማለት ብቻ። ግን እኛ ሰፈር እንዲህ አይባልም ነበር። ጎረቤት ሳትጠየቅ የሰጠችሽን ነገር ስታቆም ለምን ብሎ መጠየቅ ልመና ነው። እትዬ ሐዋ ደግሞ ለማኝ አልነበሩም። እኔ ዐሥር ዓመቴ ቢሆንም ይሄንን አውቅ ነበር፤ የበለጠ የሚያሳፍረኝም ይሄ ነው። እንደማይጠይቁ ሲገባኝ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ መስኮቱን ሳልከፍት ዋልኩ።

መጀመሪያ በራቸውን ከፍተው በኮሪደሩ ለመሥራት ሞከሩ። ኮሪደሩ ከቤታቸው የባሰ ነው። ከዚያ ዱካቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ወጡ። በረንዳው የሁሉ ነው፣ ሰው ይተላለፋል፣ ልጅ ይሮጣል፣ ነፋሱ ዝናቡን አዙሮ ያስገባዋል። ቆርቆሮው ዝጎ ስለነበር የሚያንጠባጥበው ውሃ ሻይ ይመስላል። ነጭ ኮፍያ ላይ የዝገት ጠብታ ካረፈ አይለቅም። እትዬ ሐዋ በበረኪና ሲያሹት፣ በሎሚ ሲያሹት፣ ሽታው በክፍተቱ አልፎ ወደኔ ይመጣ ነበር። ሐሙስ ወደ ውስጥ ተመለሱና በቤታቸው ጨለማ ጠለፉ። በመስታወቱ ምን ሊያመጡ፤ ብርሃን ሳይኖር መስታወት ምን ያደርጋል። እኔም በበኩሌ ያን ሳምንት ጨለማ ውስጥ ነው የዋልኩት። መንገዱን ሳላይ፣ ሰው ሳልቆጥር፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የሰው ቤት ጨለማ እጠብቅ ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የልጆቹ ኡስታዝ መጡ። ትሑት ሰው ነበሩ፣ ድምፃቸው ከፍ አላለም። ያው ግን ሁሉም ይሰማል።

«እትዬ ሐዋ፣ ይሄ የእርስዎ እጅ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ይሄኛው ጥልፉ ተዛንፏል። ይሄ ደግሞ የነካው ምንድን ነው? ልጆቹ እንዴት ይሄንን አድርገው ሰው ፊት ይቆማሉ?»

እኔ ተቀምጬ ነበር። መዝጊያው ከእጄ አንድ እርምጃ ነው። አሁን ጎረቤቴ መስኮት ከለከለችኝ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እንዲያ ቢሉ ይሻለኝ ነበር።

«ዓይኔ ደከመ መሰለኝ» አሉ እትዬ ሐዋ። «ለሌላ ሰው ስጡት፣ ልጆቹ እንዳያፍሩ።»

ኡስታዙ የቀረውን ጨርቅ ሰብስበው ሲሄዱ ኮሪደሩ ላይ እርምጃቸው ተሰማኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ከየትኛውም ቁርኣን ቤት ሰው አልመጣላቸውም። ዓይናቸው ደክሟል የሚለው ወሬ ሰፈሩን አዳረሰው፤ አንድ አንድ ኮፍያ የሚያሠራ ሰው ብቻ ቀረላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት በመዶሻ ድምፅ ነቃሁ። እትዬ ሐዋ በእሳቸው በኩል ሳጥን ላይ ቆመው ክፍተቱን በካርቶን እየመቱት ነው። ከጫፍ ጀመሩ። እየዞሩ ሲሄዱ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፈገግ ብለው «አብሽሪ፣ ብርድ እንዳይገባባችሁ ነው» አሉኝና የመጨረሻዋን ካርቶን መቱ።

እናቴ ማታ ገብታ ነጠላዋን ሳታወርድ ቆማ ቀና ብላ አየችው።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እትዬ ሐዋ ናቸው።»

«ምን አድርገናት?»

«እኔ እንጃ።»

«የሰማሽው ነገር አለ? ያስቀየምኳት ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ። ያኔ መናገር እችል ነበር። እናቴ መዳፏ በሳሙና ተልጦ፣ እግሯ አብጦ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ እየጠየቀችኝ ነበር። የለም አልኳት።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ፍራሼን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ቶሎ ብላም ዓይኗን አነሣች።

«ሽታው ይሆናል» አለች። «ምን ታድርግ፣ ሰው ናት። ስንት ዓመት ቻለችን።»

ይሄው ነው። አንዷ ጎረቤቷ ብርሃን የነፈገቻት መሰላት፣ ሌላዋ ልጇ የምትሸት መሰላት። ሁለቱም አፈሩ፣ ሁለቱም አልጠየቁም። እኔ መሃላቸው ሆኜ ዝም አልኩ። እናቴ እሑድ ፍራሼን አውጥታ በፈላ ውሃ ስትፈትገው ዋለች። እኔም ከዚያ ሳምንት ወዲህ ፍራሽ ላይ ሸንቼ አላውቅም፤ ካርቶኑ ግን አልወረደም።

የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ እናቴ የኛን ግማሽ ብቻ ቀባች። ለማን እንደምትቀባ እንደጠፋባት ሁሉ እጇ ይዘገይ ነበር። በዓል ሲመጣ ሥጋ ባይጋሩም ዳቦና ፍራፍሬ መላላካቸውን አልተዉም፤ ግን ሳህኑ የሚሄደውም የሚመጣውም በኔ እጅ ሆነ። ድሮ በክፍተቱ ነበር የሚቀባበሉት፣ እጅ ለእጅ፣ «ነይ ቅመሺ» እየተባባሉ። አሁን ሳህኑን ይዤ በረንዳውን ዞሬ፣ ኮሪደሩን አልፌ፣ እማዬ እንኳን አደረሰዎት ብላለች እላለሁ። በእማዬ ስም ከነገርኳቸው ያ አንዱ እውነት ነበር።

ዐሥራ አምስት ዓመቴ ላይ አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ ታክሲ ስጠብቅ ቀና ብዬ ቤታችንን አየሁት። በረንዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል። የበረንዳው እንጨት ላይ የአንድ ጎረቤት ልጅ ፍራሽ ሊደርቅ ተሰጥቷል፣ መሃሉ ላይ ካርታ የመሰለ ነገር ይታያል። ትምህርት ቤታችን ከዚያ በላይ ነው፤ ተማሪው ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሚያልፈው በዚያ ሥር ነው። የኔም ፍራሽ ለስንት ዓመት እዚያው ይሰጣ ነበር። ማንም ለማንም ምንም መንገር አላስፈለገውም። የዚያን ቀን ታክሲው መጥቶ ሄደ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። እንደዚያም ሆኖ ሄጄ አልተናገርኩም። እንዲያውም የባሰ ፈራሁ።

ከዚያ ሰፈሩ ሊነሣ ነው ተባለ። እትዬ ሐዋ ከኛ በፊት ወጡ። እናቴ በረንዳው ላይ ቆማ፣ እሳቸው የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ሆነው፣ ሁለቱም እጃቸውን አነሡ፤ መኪናው ወረደ። እናቴ እስካሁን «ሳትሰናበተኝ ሄደች» ትላለች። በማግስቱ የኛ ዕቃ ሲወጣ ሠራተኞች ኮምፔንሳቶውን ነቀሉት። ጠዋት ነበር፣ መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ብርሃኑ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። የእትዬ ሐዋን ግድግዳ ያኔ ነው በደንብ ያየሁት። በእርሳስ የተሰመሩ መስመሮች ነበሩበት፣ አጠገባቸው ቁጥር። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ብርሃኑ በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ ምልክት አድርገውበት ነበር። አንዳንዱ መስመር ላይ የወሩ ስም ተጽፏል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

አሁን ከተማው ዳር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው። ሁለት መስኮት አለን፣ ሁለቱም የኛ ብቻ ናቸው፤ ከኛ ኋላ ብርሃን የሚጠብቅ ሰው የለም። የጎረቤት ማስነጠስ አይሰማም። እናቴ ግን ዛሬም ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ሄዳ መስኮት ትከፍታለች፤ ከፍታም ትንሽ ትቆማለች። ድሮ ስምንት ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ፣ ሁለት ቤት አንድ መስኮት ነበረን። እኔ በምሰቅላቸው መጋረጃዎች የሚዘጋው መስኮት ብዛት ያንን ሰፈር በሙሉ ያበራው ነበር።

የስድስት ኪሎዋ ሴትዮ ያንን ከተናገረችኝ በኋላ ሦስት ቀን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በአራተኛው ፈቲያን ቴሌግራም ላይ ፈልጌ አገኘኋትና የአክስቷን ቤት ጠየቅኳት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ቅዳሜ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ።

እትዬ ሐዋ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳውን የሚያክል መስኮት ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። መጋረጃ የላቸውም። ቤቱ ቦግ ብሏል። እጃቸው ላይ ግን ምንም የለም፤ ዓይናቸው ላይ ስስ ደመና ወርዷል። ሰላም ስል በድምፄ አወቁኝ፣ «ሰሊ ነሽ» ብለው ጎትተው ሳሙኝ። ወደ ጓዳው ዞረው ውሃ አምጡላት እያሉ ሳለ፣ ሳልቀመጥ ነው የጀመርኩት። ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቃለሁ።

«መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እማዬ ምንም አላለችም። ዋሽቼዎት ነው። አንድም ቀን እንዲህ ብላ አታውቅም።»

የቱ መስኮት አላሉም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ድምፄ ዞሩ።

«ስንት ዓመትሽ ነበር ያኔ?»

«ዐሥር።»

«ልጅ ነበርሽ» አሉ። እውነቴን ነው፣ ያለቀ መሰለኝ።

«እናትሽ ምን አለች?»

«መቼ?»

«ስትነግሪያት ነዋ።»

ዓይኔን ጫማዬን ወደተውኩበት በር መለስኩ።

«አልነገርኳትም።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«ታዲያ እሷ ካርቶኑን የመታሁት ለምን መሰላት?»

«እኔ ስለምሸት። ሽታው አስቸግሮዎት።»

እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። «ያ አላህ» አሉ፣ ለራሳቸው፣ ዝግ ብለው።

«እኔ እሷን ነበር የማማት» አሉ። «ስሰግድ ሳይቀር ልቤ ላይ ነበረች። እሷ ደግሞ በልጇ አፍራ ነው ለካ ዓይኔን የማታየው።» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «እና ለእናትሽ ሳትነግሪ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

በሩ ላይ ያወለቅኩትን ጫማ አድርጌ፣ ወደ እማዬ ልሄድ ደረጃውን ወረድኩ።